መሮው የሚቆምበት መስመር

ጽድ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስንት ዘመን ቢቀመጥ ሽታውን አይተውም። ጨፋ ሮቢት፣ እኅቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ የእናቴን ሣጥን ክዳን ሳነሣ አስቀድሞ የደረሰኝ እሱ ነው። ቀጥሎ ልብሱ ላይ የከረመው የሉባንጃ ጢስ መጣ፣ ከዚያም ታጥፎ የቆየ የጥጥ ጠረን። እኅቴ የእናታችንን ቀሚሶች፣ ኩታዋንና መስገጃዋን አጣጥፋ በልካቸው አስቀምጣቸዋለች። እጄን ወደ ልብሱ ሰደድኩ፤ ዓይኔ ግን የሣጥኑ ማዕዘን ላይ ቀረ።

ሣጥኑን የሠራው የእናቴ ወንድም ነው። አራቱ ጎኖች ዋንዛ ናቸው፤ ወለሉ ብል እንዳይደፍረው ጽድ። ማዕዘኑ ላይ ምስማር የለም፣ ብሎን የለም፣ የሚይዘው ብረትም የለም። ሁለቱን ጣውላዎች ያያያዛቸው የራሳቸው እንጨት ነው። ከአንዱ ጣውላ ጫፍ፣ እንደ እርግብ ጅራት ከግርጌው ጠቦ ወደ ጫፉ የሚሰፋ ቅርጽ ተቆርጦ ይወጣል። በሌላው ጣውላ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥርሶች ይወጡና በመካከላቸው ያ ጅራት የሚገባበት ክፍተት ይቀራል። አንዴ ከተጋጠሙ በኋላ ጅራት ያለውን ጣውላ ብትጎትተው አይላቀቅም፤ የሰፋው ጫፍ በጠበበው አፍ አይወጣምና። ማዕዘኑን በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ጥፍር የሚሰነቀርበት ክፍተት የለውም። በጅራቶቹ ግርጌ ግን ጣት ካላገኛት ዓይን በቀላሉ የማያያት ቀጭን ጭረት አለች። አጎቴ ሥራውን ሲጀምር በሰንጢ ጫፍ ያሰመራት መስመር ናት። «ድንበር» ይላት ነበር። ከእሱ የተማርኩት ሁሉ የተማርኩት በዚያች ጭረት ዙሪያ ነው።

የአጎቴ ሥራ ቤት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ክፍት ዳስ ነበረች። ከካራቆሬ በኩል የሚመጣውም ከከሚሴ በኩል የሚመጣውም መኪና በፊቷ ያልፋል። ያኔ መንገዱን የያዙት ኤንትሬ የምንላቸው የፊያት የጭነት መኪኖች ነበሩ። ድምፃቸው ከሩቅ ሲሰማ አጎቴ የያዘውን መዶሻ ባለበት ያቆመዋል፤ መኪናው አልፎ መሬቱ እስኪረጋ መሮ አይመታም። ያን ጊዜ ዝም ብለን የጨፋን ሜዳ እናያለን። ቦርከና የሚያጠጣው ያ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ሌላው አገር ሲያር እሱ ቄጠማውን እንደያዘ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሮብ ገበያ ሲቆም ዳሷ ትሞላለች። ልጁን የሚድር አባት ሣጥን ሊያዝ ይመጣል፤ ከደጋ የወረደ ገበሬ የጽድ ጣውላ በአህያ ጭኖ ሊሸጥ ይመጣል፤ ሌላው ሥራ ሲሠራ ማየት ብቻ ወዶ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ይላል። አጎቴ ከአንዱ ጋር በአማርኛ ዋጋ እየተነጋገረ፣ ለሌላው በኦሮምኛ ቀን እየቀጠረ፣ እጁ ሥራውን አያቋርጥም።

መሮዎቹ ከሱቅ የተገዙ አልነበሩም። ቀጥቃጭ ነው ከወዳደቀ የመኪና ባሌስትራ ያበጀለት። ባሌስትራ ጭነት ሲጫነው ተለጥጦ፣ ሲነሣለት የሚመለስ ብርቱ ብረት ነው። በከሰል እሳት ቀልቶ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ሲነከር ስለቱ ይጸናል፤ እንዲሁ ከተተወ ግን በመጀመሪያው ምት ይሸረፋል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ብረቱን አጽድቶ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። ገጹ ላይ የገለባ ቀለም ያለው ቢጫ ሲታይ ከእሳቱ ያወጣዋል። ቢጫው አልፎ ወደ ሰማያዊ ከሄደ መሮው ለስልሷል፤ ስለቱ እንጨት ላይ ይታጠፋል። እጀታው ወይራ ነበር፣ የሚመታበት መዶሻም ወይራ። አጎቴ ሁለቱን የመሮውን ጎኖች በሞረድ አሳስቷቸው ነበር፤ ጎኑ ወፍራም የሆነ መሮ በጅራቱ ጥግ ሲገባ የተቆረጠውን ገጽ እየጨፈለቀ ያበላሸዋል።

መሮ መሳል የየማለዳው ሥራ ነበር። ከቦርከና የመጣች ልሙጥ ድንጋይ ውኃ ትረጫለች፤ የመሮው ጀርባ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይታሻል። ጀርባው ካልተስተካከለ መሮው ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከዚያ ተዳፋቱ ይሳላል። ወደ 25 ዲግሪ ይሳልና ጫፉ ብቻ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ ጥቂት ይሳባል። እነዚህን ቁጥሮች በኋላ ከመጽሐፍ አገኘኋቸው። አጎቴ በዲግሪ አያስብም ነበር፤ የመሮውን ውፍረት ዓይቶ ተዳፋቱን ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ ትንሽ አስበልጦ ያረዝመዋል። ይህ ስሌት ቢሠራ የሚወጣው ያው 25 ዲግሪ ነው። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ያሸውና የጽድ ቁራጭ ያነሣል። ጅማቱ በተቆረጠበት በጣውላው ራስ ላይ መሮውን በእጁ ብቻ ይገፋዋል። የተቆረጠው ገጽ ካብለጨለጨ ስለቱ ወጥቷል፤ ነጭ ዱቄት ከተወ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። እንዲህ ያልተሳለ መሮ ይዞ ሣጥን ላይ አይቀመጥም፤ ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅም አይቀመጥም።

ሥራው ከልኬት ይነሣል። የአንዱ ጣውላ ውፍረት ይወሰድና በሌላው ጣውላ ጫፍ ላይ በሰንጢ ድንበሩ ይሰመራል። እርሳስ ራሱ ውፍረት አለው፤ ሰንጢ ግን ጅማቱን ስለሚቆርጥ መሮው ኋላ የሚያርፍበትን ጠርዝ ትቶ ያልፋል። ቀጥሎ ጅራቶቹ ይነደፋሉ። ለለስላሳ እንጨት ስድስት ሲወርድ አንድ ያዘነብላል፤ ለጠንካራው ስምንት ሲወርድ አንድ። አብዝቶ ካዘነበለ የጅራቱ ጠርዝ ይሰበራል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ አይዝም። መጋዙ የሚሄደው በሚጣለው እንጨት በኩል ነው፤ መስመሩን አይበላም።

የመሮው ተራ ሲደርስ አጎቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ጣውላውን ያስተኛዋል። መሮውን ድንበሩ ላይ አያሳርፈውም። ይህን ያህል ደጋግሞ ያስተማረኝ ነገር የለም። መሮ አንድ ጎኑ ያዘነበለ ሽብልቅ ነው። ሲመታ ተዳፋቱ እንጨቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ እንጨቱም መሮውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ገና በመጀመሪያው ምት መስመሩ ላይ የቆመ መሮ መስመሩን አልፎ ይሄዳል፤ ያለፈ መሮ የቆረጠው እንጨት አይመለስም። ስለዚህ ከድንበሩ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወዲህ ቆሞ በትናንሽ ምት ይጀምራል። ቁልቁል አንድ ምት፣ ከጫፉ በኩል አንድ ፍልጭ፣ እንደገና ቁልቁል። የጣውላው ውፍረት ግማሽ ላይ ሲደርስ ይገለብጠዋል። ከአንድ ፊት ብቻ እስከ ታች ከተመታ በወዲያኛው ፊት ጅማቱ ተገንጥሎ ይወጣል፤ ከሁለቱም ፊት ሲመጣ ግን መሐል ላይ ይገናኛል፣ ሁለቱም ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

«ሱታ፣ ሱታ» ይላል በኦሮምኛ፣ ቀስ በል ማለቱ ነው፣ ዓይኑን ከስለቱ ሳያነሣ። እኔ መሮውን ይዤ እጄ ሲፈጥን ሲያይ ደግሞ «አብሽር፣ እንጨቱ ይጠብቅሃል» ይለኛል።

ስስ እንጨት ብቻ ድንበሩን ሸፍና ስትቀር መዶሻው ይቀመጣል። የመሮውን ስለት ሰንጢው በተወው ጭረት ውስጥ ያስገባል። ስለቱ ጭረቱን ሲያገኝ ጠቅ የሚል ነገር እጅ ላይ ይሰማል፤ ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን አይስተውም። ግራ እጁ ስለቱን እየመራ፣ ቀኝ እጁ እጀታውን ይዞ፣ ትከሻውን አስደግፎ ትንፋሹን ውጦ ይገፋል። ስሷ እንጨት ሙሉዋን ተገልጣ ትወድቃለች፤ ድንበሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ የክፍተቱን መሐል እጅግ ጥቂት ጎድጎድ ያደርገዋል፤ መሐሉ ከፍ ካለ የሚገባው ጥርስ ተንሳፎ ይቀርና ከውጭ ክፍተት ይታያል። ጥጎቹን በመሮው ሹል ጫፍ ያጸዳቸዋል። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያያቸውን ጥጎች እንደዚያ ሲያጸዳ እየቆየ ነው የገባኝ፤ አንዲት የቀረች ቁራጭ መጋጠሚያውን ሙሉ ከመቀመጥ ትከለክለዋለች።

ጅራቱ ካለቀ በኋላ ሜትር አይነካም። ጅራት የወጣለት ጣውላ በሌላው ጣውላ ራስ ላይ ይቀመጥና ቅርጹ በሰንጢ ይገለበጣል፤ ጥርሱ የሚቆረጠው በዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕዘን የራሱን ባልንጀራ እንጂ ሌላ አይቀበልም፤ አጎቴም እንዳይሳሳቱ ከውስጥ በኩል ቁጥር ይጽፍባቸዋል። ለሙከራ ሲያጋጥማቸው እስከ ግማሽ ብቻ ያስገባቸዋል፤ ደጋግሞ የገባና የወጣ መጋጠሚያ ይላላል። ከዚያ ኮላ ቀብቶ በወይራው መዶሻ ይመታል። ጅራቱ እየገባ ሳለ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ይወፍራል። አጎቴ ድምፁ እንደተለወጠ መዶሻውን ያነሣል፤ ማዕዘኑን ሳያይ መቀመጡን አውቋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ እንጨቱ ራሱ ያስረዳል። የተቆረጠ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። የጨፋ በጋ አጥንት ያደርቃል፤ ክረምቱ ደግሞ ግድግዳውን ያረጥባል። ጣውላው ሲንቀሳቀስ ምስማር አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ወይ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ወይ ጣውላውን ይሰነጥቃል፣ አለዚያም ዝጎ ይበሰብሳል። በእርግብ ጅራት የተያያዙት የሣጥኑ አራት ጎኖች ግን ጅማታቸው ዙሪያውን የሚሄድ ስለሆነ፣ ሲሰፉም ሲጠቡም አራቱም በአንድነት ነው። አንዱ ሌላውን አይጎትተውም።

አጎቴ ለዚህ የራሱ ምስክር ነበረው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን አናውጦ ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ እሱ ገና ከብት ጠባቂ ልጅ ነበር። የቤታቸው ግድግዳ በአያቴ ሣጥን ላይ ወደቀ። ድንጋዩና ጭቃው ሲነሣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ማጠፊያው ተነቅሏል፤ አራቱ ማዕዘኖች ግን እንደተያያዙ ናቸው። ልጁ በዚያ ማዕዘን ላይ ብዙ ቀን ጣቱን ሲያመላልስ ከረመ። ሲያድግ ደሴ ወጥቶ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተከፈቱ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሙያውን የቀሰመ አናጺ ዘንድ ተቀጠረ። ሞርሳውን፣ ስኳድራውንና ኮላውን ይዞ የተመለሰው ከዚያ ነው።

መጋጠሚያው ግን ከዚያ ሁሉ የቀደመ ነው። ከጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች በወጡ የእንጨት ዕቃዎች ላይ ይገኛል። በእኛም አገር እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ መገንባት የአክሱም ዘመን ጥበብ ነበር። ከግድግዳው ወጣ የሚሉት የግንዶች ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፤ የአክሱም ሐውልቶች ላይ ያንኑ የግንድ ጫፍ በድንጋይ ቀርጸውት እናያለን። እዚሁ ወሎ፣ ከላሊበላ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በግንድና በድንጋይ ረድፍ እስከ ዛሬ ቆሟል። እንጨት በልኩ ከተቆረጠና ከእርጥበት ከተጠበቀ ዘመን እንደሚሻገር የሚጠራጠር ሰው እዚያ ሄዶ ይይ።

የእናቴ ሣጥን የተሠራው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው። በድርቁ ጊዜ ገበያው ላይ ሣጥን ሻጭ እንጂ ገዢ አልነበረም። ሰው መጀመሪያ ጌጡን፣ ከዚያ የቤት ዕቃውን፣ በመጨረሻ ዕቃው የተቀመጠበትን ሣጥን ይዞ ይወጣ ነበር። አጎቴ ለሽያጭ የተደረደሩትን ሣጥኖች አጎንብሶ ማዕዘን ማዕዘናቸውን ያይ ነበር ትለኝ ነበር እናቴ። ብዙው ተላቋል፤ ምስማሩ ቀርቶ ጣውላው ሄዷል። ለእኅቱ ሣጥን ሊሠራ ሲነሣ የመረጠው ዋንዛ ከአያቴ ደጅ ነፋስ የጣለው ዛፍ ነበር። ልጆች ሳለን ቢጫ ፍሬውን ለቅመን ስንበላ ጣታችን በሙጫው እየተጣበቀ የምንሣሣቅበት ዛፍ ነው። ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላ ጥላ ሥር፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ቁራጭ እንጨት እየገባበት ተደርድሮ፣ ከክረምት እስከ ክረምት ደረቀ። ሰው ቸኩሎ ሲጠይቀው አጎቴ «ይህ ዛፍ ከአባቴ በፊት ነበር፤ ከእኔም በኋላ መኖር አለበት» ይል ነበር። የሙያው እምነት ይኸው ነበር፣ ከዚህ የሚያልፍ ንግግር አልሰማሁበትም።

ዛሬ ዳሷ የለችም። በቦታዋ የብረት በርና መስኮት ይበየዳል። ገበያው ላይ ያለው ቁም ሣጥን ቺፑድ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ፣ ላዩ በእንጨት ሥዕል ተሸፍኖ የተሠራ። እርጥብ ወለል ላይ ከቆመ እግሩ ያብጣል፤ ቤት በተቀየረ ቁጥር ብሎኑ ይላላል። ለዚህ ገዢውን አልወቅስም። ዋንዛው አልቋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ መከልከሉም ልክ ነበር፤ የዘገየ ልክ። ያለፈው ትውልድ ዋንዛውን ከሚተክለው በላይ ቆርጦታል፤ ብዙውንም ለሣጥንና ለማዕድ ሳይሆን ለማገዶ አውሎታል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የደሴን መንገድ ይዞ ሲመጣ እኅቴ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ቤቷ ተበርብሯል። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ተነቅሎ ተዘርግቶ፣ ጀርባው ተገንጥሎ አገኘችው፤ አልተጠገነም። የእናታችን ሣጥን ቁልፉ ተሰብሮ፣ ልብሱ ወለል ላይ ተበትኖ፣ ራሱ ጓዳው መሐል ተገልብጦ ነበር። መልሳ አቆመችው፣ ልብሱን አጥባ መለሰችበት። የተበላሸው ቁልፉ ብቻ ነው።

ከሚሴ ላይ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብቼ ነበር። መጋዛቸው በመብራት ይሠራል፤ መላጊያቸውም እንዲሁ። በደቂቃ የሚያወጡትን ጣውላ አጎቴ በግማሽ ቀን ላብ ነበር የሚያወጣው። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ሥራቸውን ይወዳሉ። የሣጥኑን ማዕዘን በስልኬ ፎቶ ሳሳያቸው አንዱ ጠጋ ብሎ ምስሉን አሰፋው።

«ጋሼ፣ ይህ አንዱ ማዕዘን ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ለለመደ እጅ አንድ ሰዓት።»

«በአንድ ሰዓት እኔ የወንበር እግር እጨርሳለሁ። ደንበኛ ደግሞ ለማዕዘን አይከፍልም፤ ለመልኩ ነው የሚከፍለው።»

እውነቱን ነው። ልጁ ኪራይ ይከፍላል፣ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ይላል፣ ገዢው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣውን ዕቃ ዋጋ ጠቅሶ ይከራከረዋል። አጎቴም ቢሆን ዛሬ ቢኖር በዚያች ዳስ ውስጥ ኪራይ የሚከፍል ሣጥን መሸጡን እጠራጠራለሁ። የልጁን ሒሳብ ግን እስከ መጨረሻው ብናሰላው ሌላ ነገር ይወጣዋል። ዛሬ ጨፋና ከሚሴ ላይ የሚገኘው እንጨት ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። ባሕር ዛፍ ምስማር ሲገባበት የሚሰነጠቅ፣ ሲደርቅም የሚጣመም እንጨት ነው። እንዲህ ያለው እንጨት ራሱ ራሱን የሚይዝበትን መጋጠሚያ ከዋንዛ ይልቅ ይፈልጋል። ገዢ በየጥቂት ዓመቱ ቁም ሣጥን ከሚቀይር አንድ ጊዜ በልኩ የተሠራ ቢገዛ ይከስራል ወይ? ብሎ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ አላገኘም። ይህን ጥያቄ ሊያቀርብለት የሚችለው ሠሪው ነው፤ ሠሪውም ለማቅረብ መጋጠሚያውን መሥራት መቻል አለበት።

ስለዚህ የምለው አለኝ። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ እንጨት ሥራ ለሚማር ልጅ ሁሉ፣ በመብራት የሚሠራ ማሽን ከመንካቱ በፊት አንድ መሮና አንድ የመሳያ ድንጋይ ይሰጠው። ስለት ማውጣት ይማር፤ በእጁ አንድ ማዕዘን ይቁረጥ። ከመስመሩ ወዲህ ቆሞ መጀመርን፣ ከሁለት ፊት መግባትን፣ የማይታየውን ጥግ ማጽዳትን እጁ ይወቀው። ይህ ልማድ ከገባው በኋላ የፈለገውን ማሽን ያስነሣ፤ መስመሩን የሚያከብር እጅ በማሽንም ያከብረዋል። መስመር የማያውቅ እጅ ግን ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር የሚያበላሸው እንጨት ይበዛል። ጎን ለጎን ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ቤት በደጁ ዋንዛ ይትከል። የሚተክለው ሰው ጣውላውን ላይቆርጠው ይችላል፤ አጎቴ የሠራበትንም ዋንዛ የተከለው አጎቴ አልነበረም።